የሰመመን ልክ፦ ከፓሲ የአትክልት ቦታ እስከ ሆስፒታል አልጋ

ልጁ ዕድሜው 12 ነው። ዓይኑ በጨርቅ ታስሯል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1784 ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ፓሲ፣ በቤንጃሚን ፍራንክሊን መኖሪያ የአትክልት ቦታ ውስጥ፣ እጁን ይዘው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይወስዱታል። ከዛፎቹ መካከል አንዱን የአፕሪኮት ዛፍ ሻርል ዴስሎን የሚባል ሐኪም ቀደም ብሎ "መግነጢስ" ሰጥቶታል። የትኛው እንደሆነ ልጁ አያውቅም። እያንዳንዱን ዛፍ አቅፎ ትንሽ እንዲቆይ ይደረጋል። ገና በመጀመሪያው ዛፍ አላበው፣ አሳለው። በሁለተኛው ራሱን ከበደው። በሦስተኛው ባሰበት። አራተኛው ዛፍ ሥር ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ተሸክመው ሣር ላይ አስተኙት። መግነጢስ የተሰጠው ዛፍ ግን ገና ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

ይህን ፈተና ያመጣው የንጉሥ ሉዊ 16ኛ ትእዛዝ ነው። በ1778 ከቪየና ወደ ፓሪስ የመጣው ፍራንዝ አንቶን ሜስመር፣ ፍጥረትን ሁሉ የሚያያይዝና በሰው አካል ውስጥ የሚፈስ ረቂቅ ነገር አለ፣ ፍሰቱ ሲታወክ ሰው ይታመማል፣ እኔ ደግሞ በእጄ አስተካክለዋለሁ እያለ ከተማውን አስከትሎ ነበር። ዴስሎን የእሱ ደቀ መዝሙር ነው። ንጉሡ ፍራንክሊንን፣ የኬሚስትሪውን ሊቅ ላቮዝዬን፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪውን ባይንና ሐኪሙን ጊዮቲንን የያዘ ጉባኤ ሰይሞ ነገሩ እንዲጣራ አዘዘ። ጉባኤው አጣራ። ረቂቅ ፈሳሽ የሚባል ነገር እንዳላገኘና ሰዎቹን የሚጥላቸው የገዛ ምናባቸው እንደሆነ ጽፎ አስረከበ።

የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ታሪኩን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይዘጉታል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከፈተናው በፊት የሆነው ነው። መርማሪዎቹ ዴስሎንን "ለዚህ ነገር ቅርብ የሆነ ሰው ራስህ መርጠህ አምጣ" አሉት፤ ዴስሎንም ይህን ልጅ መርጦ አመጣ። በምን ለይቶ አወቀው? ሌላ ልጅ ቢመጣ ኖሮ አራቱንም ዛፎች አቅፎ፣ ምንም ሳይሰማው፣ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። ምናብ ነው ማለት ለአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ የዚህ ልጅ ምናብ ከሌላው ልጅ ምናብ በምን እንደሚለይ ግን አይነግረንም። ይህኛው ጥያቄ ተገቢ መለኪያ እስኪያገኝ ድረስ ወደ 175 ዓመት ጠበቀ። መለኪያው ከተሠራ በኋላም በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ስለ ሂፕኖሲስ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ አንድ ነገር ማጥራት አለበት። ቃሉ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው አፍዝ አደንግዝን ነው፦ አንዱ የሚያደርግ፣ ሌላው የሚደረግበት፤ አንዱ ኃይል ያለው፣ ሌላው ፈዞ ኪሱን የሚያስረክብ። ሜስመርም ከዚህ ብዙ የራቀ ሐሳብ አልነበረውም፤ ኃይሉ በእጄ ነው ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ እኔ የማነበው ይህ "ኃይል" ከአድራጊው ወደ ተቀባዩ ቀስ በቀስ የተሻገረበት ጉዞ አድርጌ ነው። መለኪያ ሊኖር የቻለውም ከተሻገረ በኋላ ነው። ኃይሉ የሐኪሙ ከሆነ የሚለካው ሐኪሙ ነበርና።

ፈተናው በተደረገበት በዚያው ዓመት ማርኪ ደ ፒዩሴጉር በቡዛንሲ ርስቱ ላይ ቪክቶር ራስ የተባለ ሳንባውን የታመመ ወጣት ገበሬ በሜስመር ዘዴ ሊያክም ሞከረ። የሜስመር በሽተኞች ይንፈራገጡ ነበር፤ ቪክቶር ግን በጸጥታ አንቀላፋ፣ በእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ተናገረ፣ ሲነቃም ያለውን አላስታወሰም። ቀጥሎ በህንዷ ጎዋ የተወለደው ቄስ አቤ ፋሪያ በ1813 በፓሪስ ለሕዝብ ማሳየት ሲጀምር፣ ከእኔ የሚወጣ ምንም ነገር የለም፣ ነገሩ ያለው በሚተኛው ሰው ዘንድ ነው ብሎ በግልጽ ተናገረ። አንዳንዱ ቶሎ የሚተኛው፣ ሌላው የማይተኛው ደሙ ስለሚለያይ ነው ብሎ ያምን ነበር። ምክንያቱ ስሕተት ነበር፤ ጥያቄው ግን በትክክለኛው ሰው ላይ ወደቀ። ቃሉን ያመጣው ደግሞ በማንቸስተር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጄምስ ብሬድ ነው። በ1841 አንድ የመግነጢስ ትርኢት አይቶ ራሱ መመራመር ጀመረ፤ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍም ለዚህ ሁኔታ "እንቅልፍ" ከሚለው የግሪክ ቃል ስም አወጣለት።

በ1845 በቤንጋል፣ ሁግሊ በተባለች ከተማ፣ ጄምስ ኤስዴል የተባለ ሐኪም በሽተኞችን በሜስመር ተከታዮች ዘዴ እያስተኛ ትላልቅ እጢዎችን መቁረጥ ጀመረ። ማደንዘዣ መድኃኒት አልነበረውም። የቀዶ ሕክምናዎቹ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ሆነ። ከዚያ ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በቦስተን ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በአደባባይ ተሞከረ፤ የኤስዴል ዘዴም ወደ ጓዳ ገባ። ይህ ነጥብ ለርእሳችን ትልቅ ነው። ኤተር ሰው አይመርጥም። ወታደሩም ነጋዴውም፣ ያመነውም ያላመነውም፣ ተንፍሶት ያንቀላፋል። ሂፕኖሲስ ግን በአንዱ ላይ ይሠራል፣ በሌላው ላይ በግማሽ ይሠራል፣ በሦስተኛው ላይ አይሠራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ዘዴው ነውር ይታይ ጀመር። ልዩነቱ ነውር ሳይሆን ሊጠና የሚገባው ዋናው ነገር ነው የሚሉ ሰዎች የመጡት ከፈረንሳይ ነው።

ኦጉስት አምብሮዋዝ ሊዬቦ በናንሲ ከተማ አጠገብ ድሆችን የሚያክም ሐኪም ነበር። በመድኃኒት ልታከም ለሚለው ክፍያ ይጠይቃል፤ በሂፕኖሲስ እሺ ለሚለው በነፃ ያክማል። ድሃ ምን ይመርጣል? በዚህ መንገድ በዘመኑ ማንም ያላገኘውን ብዛት ያለው ሰው አየ፤ ያየውንም ቆጠረ። በ1880 በመዘገባቸው 1,012 ሰዎች ውስጥ ፈጽሞ እምቢ ያላቸው 27 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ከቀላል ድብታ ጀምሮ ነቅተው ምንም እስከማያስታውሱበት ጥልቅ ሰመመን ድረስ በየደረጃው ተደለደሉ። ትልቁ ክፍል መሐል ላይ ነበር። ይህን ሰንጠረዥ የዛሬ ተመራማሪ ሲያየው ይደንቀዋል፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ የተሣለው ሥዕል ረቂቁ እዚህ ላይ አለና።

የናንሲ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ፕሮፌሰር ኢፖሊት በርንሃይም ይህን የገጠር ሐኪም ሊያይ መጥቶ ተማሪው ሆኖ ተመለሰ። እሱ ሰመመንን በዘጠኝ ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ደረጃዎች ሰውየው ሲነቃ የሆነውን ያስታውሳል፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት አያስታውስም። ደረጃዎቹን የለየው የእንቅልፉን ጥልቀት በግምት በማየት አልነበረም። ምን ሲባል ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ፦ ዓይንህ ከብዷል ሲባል ይዘጋል ወይ፣ ክንድህ ደርቋል ሲባል ተዘርግቶ ይቀራል ወይ፣ የሌለውን ነገር አየህ ሲባል ያያል ወይ። ዛሬ ያሉት መለኪያዎች ሁሉ የቆሙት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ሆኖም የበርንሃይም መለኪያ አንድ ሕመም ነበረበት። ከሆስፒታል በሽተኞቹ ቢያንስ 80 በመቶውን ማስተኛት ያልቻለ ሐኪም ገና ልምድ ስለሌለው አስተያየት ባይሰጥ ይሻላል ይል ነበር። እንዲያ ሲሆን የማይተኛው በሽተኛ የሐኪሙ ድክመት ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው፤ መለኪያው ሳይታወቀው ወደ ሐኪሙ ተመለሰ። ደግሞም እሱ ራሱ እንደታዘበው በቀላሉ የሚተኙት ብዙ ጊዜ መታዘዝ የለመዱ ሰዎች፣ የቀድሞ ወታደሮችና የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። በአንድ ረድፍ አልጋ ላይ የተኛ፣ ጎረቤቱ ሲያንቀላፋ ያየ፣ ፕሮፌሰሩ ከተከታዮቹ ጋር ወደ እሱ ሲመጣ የሚጠብቅ ድሃ በሽተኛ፣ ዓይኑን የሚዘጋው በሰመመን ይሁን በአክብሮት በምን ይለያል?

በፓሪስ ደግሞ ዣን ማርቲን ሻርኮ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ሆኖ ሌላ ነገር ያስተምር ነበር። ሂፕኖሲስ የሂስቴሪያ በሽታ ምልክት ነው፤ የሚተኛ ሰው ታማሚ ነው አለ። ያየው ግን ጥቂት ሴት በሽተኞችን ነበር፤ እነሱም ምን እንደሚጠበቅባቸው አጥርተው የሚያውቁ። የናንሲ ሰዎች ክርክሩን አሸነፉ፤ የሻርኮ ሐሳብ ግን በሰው አእምሮ ውስጥ ከእሱ በኋላም ኖረ። ዛሬም "እኔ ደካማ አይደለሁም፣ እኔን ማንም አያስተኛኝም" የሚል ሰው ሳያውቀው የሻርኮን ቋንቋ ይናገራል። ሁለቱንም ቦታዎች በዓይኑ ያየው ወጣቱ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1889 ናንሲን ከጎበኘ በኋላ ሂፕኖሲስን ትቶታል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሁሉንም በሽተኛ ማስተኛት አለመቻሉ ነበር። በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የሥነ ልቦናን ታሪክ አንድ ጊዜ እንኳ ካጠፈ ያጠፈው እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ። በአሜሪካ በ1931 ዴቪስና ሃዝባንድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ባለ 30 ነጥብ መለኪያ አወጡ፤ ክላርክ ሃል በ1933 ስለ ሂፕኖሲስ ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰደው። ትልቁ ሥራ ግን በ1957 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ።

ኧርነስት ሂልጋርድ ስለ መማር ባጠናው ጥናት የታወቀ፣ ስሙ የተከበረ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። አንድሬ ዋይትዘንሆፈር ደግሞ ለቁጥር የተሠራ ሰው። ሁለቱ ሆነው በ1959 የመጀመሪያዎቹን ሁለት የስታንፎርድ መለኪያዎች፣ በ1962 ደግሞ ሦስተኛውን፣ "ፎርም ሲ" የሚባለውን አወጡ። የሠሩት ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል፦ አስተኚው የሚናገረውን ቃል በሙሉ ጻፉት። አስተኚው ያነብባል እንጂ አይፈጥርም። እጁ አይወዛወዝም፣ ዓይኑ አያፈጥጥም፣ ታዋቂነቱም ቦታ የለውም። ማንም የሠለጠነ ሰው ቢያነበው ያው ነው። አድራጊውን ከሚዛኑ ላይ አወረዱት፤ ሚዛኑ ላይ የቀረው ተቀባዩ ብቻ ሆነ።

ፎርም ሲ 12 ፈተናዎች አሉት፤ እየከበዱ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሰውየው ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ እጁ እየከበደ ነው ይባላል። ፈታኙ አሥር ሰከንድ ይቆጥራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እጁ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከወረደ አንድ ነጥብ፣ ካልወረደ ባዶ። ቀጥሎ አንዲት ትንኝ በጆሮህ አጠገብ ታንዣብባለች ይባላል፤ እሷን ለማባረር እጁን ያወዛውዛል ወይስ አያወዛውዝም? ከዚያ ምንም ሽታ አይሸትህም ይባልና የአሞኒያ ጠርሙስ ከአፍንጫው ሥር ይቀርባል። አብዛኛው ሰው ፊቱን አኮማትሮ ይሸሻል። ጥቂቶች ግን በተረጋጋ ፊት ይተነፍሱታል። በሌላው ፈተና ዓይንህን ስትገልጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ታያለህ ይባላል። ያሉት ሦስት ናቸው። ሁለት ብቻ የሚያይ ሰው አለ። ይህን እያስመሰለ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ለዘመናት ብዙዎች እንዲያ ብለው አልፈዋል። የስታንፎርድ ሰዎች ግን ቆጠሩ፣ ከዓመት በኋላ ተመልሰው ቆጠሩ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ቆጠሩ።

ውጤቱ የሊዬቦን ሥዕል መለሰ። ትልቁ ክፍል መሐል ላይ፣ በሁለቱም ጫፍ ጥቂት ጥቂት። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን በ1989 የታተመው ጥናት ነው። ፒቾኔ፣ ሂልጋርድና ዚምባርዶ በተማሪነታቸው የተፈተኑ 50 ሰዎችን ከ25 ዓመት በኋላ ፈልገው እንደገና ፈተኗቸው። አግብተዋል፣ ወልደዋል፣ አርጅተዋል። የድሮውና የአዲሱ ነጥብ ተዛምዶ 0.71 ሆኖ ተገኘ። ለሰው ባሕርይ መለኪያ ይህ ከፍተኛ ነው። ለሂፕኖሲስ ያለ ቅርበት እንደ ስሜት ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄድ አለመሆኑን፣ ከሰውየው ጋር አብሮ የሚኖር ነገር መሆኑን አሳየ።

ምን ዓይነት ሰው ነው ቅርብ? እዚህ ላይ የሂልጋርድ ባለቤት፣ የአእምሮ ሐኪሟ ጆሴፊን ሂልጋርድ የሠራችው ሥራ አለ። ተማሪዎቹን ከመፈተናቸው በፊት ቁጭ ብላ ስለ ሕይወታቸው አነጋገረቻቸው፤ በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍም ያገኘችውን ጻፈች። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ብዙዎቹ ልብ ወለድ ሲያነቡ ስማቸው ሲጠራ የማይሰሙ፣ ቴአትር ሲያዩ መቀመጫቸውን የሚረሱ፣ ተራራ ላይ ቆመው ጀንበር ስትጠልቅ ጊዜ የሚያልፍባቸው ሰዎች ነበሩ። ጥልቅ ብሎ የመግባት ተሰጥኦ ነው። ደካማነትም ሞኝነትም አይደለም፤ ሻርኮ የዘጋውን በር እሷ ከፈተችው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ሰው ማን ነው ብባል እሷ ናት፤ ከቁጥሩ በፊት ሰውን አዳመጠች።

ቁጥሩ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ግን ችግር ገጠመው። ፎርም ሲ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለተማሪ ቀላል ነው፣ ይከፈለዋልም። ካንሰር አጥንቱ ውስጥ የገባ ሰውን አንድ ሰዓት ሙሉ ትንኝና አሞኒያ ይዞ መቀመጥ ምን ይባላል? ክንዱን ማንሣት የማይችል አለ። ጉልኮስ የተተከለለት አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየፈተናው "አልሆነልኝም" እያለ የሚሄድ በሽተኛ አለ፤ ሕክምናው ሳይጀመር ተስፋው ይሞታል።

ለዚህ ሁለት ሰዎች ሁለት መልስ ሰጡ። የመጀመሪያው የኒው ዮርኩ የአእምሮ ሐኪም ኸርበርት ስፒገል ነው። በ1972 ስለ አንድ ምልክት ጻፈ። በሽተኛው ራሱን ቀጥ አድርጎ ይቀመጣል። ዓይንህን ብቻ ወደ ላይ አንሣ ይባላል፣ ወደ ቅንድብህ፣ ከዚያም በላይ ወደ አናትህ። ሽቅብ እያየህ የዓይንህን ቆብ ቀስ ብለህ ክደን። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ያያል፦ በሚከደነው ዓይን ውስጥ ጥቁሩ ምን ያህል ተሸሸገ፣ ነጩ ምን ያህል ቀረ? ነጥቡ ከ0 እስከ 4 ነው። ቀጥሎ እጁ እንደ ፊኛ ቀልሎ ወደ ላይ እንደሚነሣ ይነገረዋል፤ ሲነሣ እንዴት እንደተሰማው፣ እሱ ያነሣው ወይስ ራሱ የተነሣ እንደመሰለው ይጠየቃል። ሁሉም በአምስት ወይም በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ከልጁ ከዴቪድ ስፒገል ጋር ሆኖ በ1978 መጽሐፍ አደረገው። ሌሎች ተመራማሪዎች ከስታንፎርዱ ነጥብ ጋር ሲያነጻጽሩት የዓይኑ ምልክት ብቻውን ደካማ ሆኖባቸዋል፤ እኔም ዓይን ብቻ ያን ያህል ይናገራል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ዘዴው ግን በሐኪሞች እጅ ገባ፤ ምክንያቱም ፈተናውና ሕክምናው አንድ ላይ ይሄዳሉ። በሽተኛው ነጥቡን እስኪያገኝ ድረስ ራሱን ማስተኛትን ተምሮ ይጨርሳል።

ሁለተኛው መልስ ከጆሴፊን ሂልጋርድና ከአርሊን ሞርጋን የመጣው የስታንፎርድ ክሊኒካል መለኪያ ነው። አምስት ፈተናዎች፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። በሽተኛው አልጋ ላይ ተኝቶም ይሁን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቻላል። መዳፎቹን ፊት ለፊት ዘርግቶ እየተሳሳቡ ነው ይባላል፤ ሕመሙ እጁን ቢይዘው ሌላ አማራጭ አለ። ትንሽ ሕልም እንዲያይ ይጋበዛል። ወደ ልጅነቱ፣ ወደ አንድ ደስ የሚል የትምህርት ቀን እንዲመለስ ይጋበዛል። ከዚያ ስትነቃ እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ ሳንኳኳ ጉሮሮህን ታጠራለህ፣ የሆነውንም እኔ እስክነግርህ አታስታውስም ይባላል። ይነቃል። ያወራሉ። እርሳሱ ይንኳኳል። ያን ጊዜ ሐኪሟ የምታዳምጠው አንድ ትንሽ ድምፅ ነው፣ እኸ የሚል። በሽተኛው ብዙ ጊዜ ለምን እንዳደረገው አያውቅም።

ለሕፃናትም ተመሳሳይ መለኪያ ተሠራ፤ ጆሴፊን ሂልጋርድ ከሳሙኤል ለባሮን ጋር የደም ካንሰር ላለባቸው ልጆች ተጠቀመችበት። እነዚህ ልጆች መቅኔያቸው ከዳሌ አጥንታቸው በመርፌ ይወሰድ ነበር፤ ያን ሥቃይ ያየ ሰው አይረሳውም። ከፍ ያለ ነጥብ ካላቸው ልጆች መካከል ብዙዎቹ ሥቃያቸውን ቀንሰዋል፤ ዝቅ ያለ ነጥብ ያላቸው ግን እምብዛም። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ልጆች መለኪያው ምን ይሰጣቸዋል? "አይሆንላቸውም" የሚለውን ቃል ከሆነ ባይለኩ ይሻላል። የቃል መጽናናት፣ መተንፈስ፣ የእናት እጅና በቂ ማስታገሻ ያስፈልጋቸዋል የሚለውን አስቀድሞ የሚናገር ከሆነ ግን ትልቅ ነገር ሰጣቸው።

መለካቱን ከመጀመሪያው የተቃወመ ሰው ሚልተን ኤሪክሰን ነበር። እሱ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የተለየ መንገድ ይፈልግ ነበርና ለሁሉም አንድ ወረቀት ማንበብ ስድብ መሰለው። አልተኛም የሚል በሽተኛ ካለ ሐኪሙ በሩን አላገኘውም እንጂ በሩ አለ ብሎ ያምን ነበር። ይህ በመልካም ልብ የተነገረ ቢሆንም በርንሃይም የወደቀበት ጉድጓድ ነው፤ ጥፋቱን እንደገና ሐኪሙ ላይ ይጭናል፤ የ25 ዓመቱንም ጥናት መልስ አልባ ያደርገዋል። የከበደው ተቃውሞ የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። በ1980 አንድሬ ዋይትዘንሆፈር፣ የመለኪያዎቹ አባት ራሱ፣ የገዛ ሥራውን ነቀፈ። እጅ መውረዱን ቆጠርን፣ ሰውየው ያወረደው በፈቃዱ ይሁን ወይስ እጁ ራሱ ወርዶበት ይሁን ግን አልጠየቅንም አለ። ለቀደሙት ሐኪሞች የሂፕኖሲስ ልቡ ይህ "ራሱ ሆነብኝ" የሚለው ስሜት ነበር። ሃያ ዓመት የሠሩበትን ነገር በአደባባይ ጎደለ ማለት የሊቅነት ምልክት ነው።

ከዚያ በኋላ ወሳኙ ጥያቄ ተነሣ፦ ነጥቡ የሕክምናን ውጤት ይናገራል ወይ? ጋይ ሞንትጎመሪና ባልደረቦቹ በ2000 ስለ ሥቃይ የተደረጉ ጥናቶችን ደምረው ሂፕኖሲስ ለሦስት አራተኛው ሰው በቂ እፎይታ እንደሚሰጥ አሳዩ። በ2011 ደግሞ እዚያው ቡድን በሕክምና ቦታ ብቻ የተደረጉትን ለይቶ ሲደምር፣ የነጥቡና የውጤቱ ተዛምዶ 0.24 ብቻ ሆነ። በበሽተኞች መካከል ካለው የመሻል ልዩነት 6 በመቶ ያህሉን ነው ነጥቡ የሚያስረዳው። ጸሐፊዎቹም ለዕለት ተዕለት ሕክምና መለካቱ ብዙ አይጠቅምም አሉ። በ2019 ግን 85 ሙከራዎችን የደመረ ሌላ ጥናት ወጣ፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያላቸው ሰዎች ሥቃይ በ42 በመቶ፣ የመካከለኞቹ በ29 በመቶ ሲቀንስ፣ ዝቅተኞቹ ግን ያገኙት ጥቅም እጅግ ትንሽ ነበር።

የ2011ኙና የ2019ኙ ጥናቶች ይጣላሉ የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የ2019ኙ ሥቃይ በሙከራ የተፈጠረ ነው፦ ጤነኛ ሰው፣ በረዶ ውስጥ የገባ ወይም በሙቀት የተነካ እጅ፣ የሚቆጠር ሰዓት። የሆስፒታሉ በሽተኛ ግን ለመዳን ይመጣል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ይመጣል። ስሙን የሚጠራው ሐኪም አለ፣ እቤቱ የሚለማመደው ልምምድ አለ፣ ተስፋ አለ። ሰመመኑ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ ነጥቡ የሚለካው ደግሞ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቡ እውነት ይናገራል፣ የሚናገረው ግን ከሐኪሙ ጥያቄ ጥቂቱን ነው። በሽተኛውን አይሆንልህም ብሎ ለመመለስ የሚለካ ሐኪም ይሳሳታል። የቱን ቃል ለማን ልናገር ብሎ የሚለካ ሐኪም ግን ቢለካ አይከፋም፤ ሽታ ለሚሰማው ሽታ፣ ሥዕል ለሚታየው ሥዕል ይሰጠዋል።

አዲሶቹ መለኪያዎች ወደዚህ የሚያዘነብሉ ይመስላል። በቴክሳስ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጋሪ ኤልኪንስ የሠራው ባለ 12 ነጥብ መለኪያ በሽተኛን የማያስጨንቅ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። በስታንፎርዱ አሞኒያ የቀረበለት አፍንጫ እዚህ የጽጌረዳ ሽታ ይጋበዛል። ይህ ለውጥ ትንሽ ይመስላል፤ የተፈታኙን ወንበር ለበሽተኛ የለወጠ ሰው ሥራ ግን በዚህ ይታወቃል።

የመጨረሻው ዜና በ2024 ከዚያው ከስታንፎርድ የመጣ ነው። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም በሆነው ፋይብሮማያልጂያ የሚሠቃዩ 80 ሰዎች ተመረጡ። በግንባር በስተግራ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ላይ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ መግነጢሳዊ ምት የሚልክ መሣሪያ ተደረገላቸው፤ ለግማሾቹ እውነተኛው፣ ለግማሾቹ የማስመሰያው። ጊዜው በጠቅላላው 92 ሰከንድ ነበር። ከምቱ በፊትና በኋላ የተለኩት በስፒገል መለኪያ ነው። እውነተኛውን ምት ያገኙት ሰዎች ለሂፕኖሲስ ያላቸው ቅርበት ከፍ አለ፤ በሌሎቹ ላይ ይህ አልታየም። ለ25 ዓመት ያልተነቃነቀው ነገር ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተነቃነቀ፣ ያውም በመግነጢስ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው እንደገና ሲለኳቸው ነጥባቸው ወደ ነበረበት ተመልሶ ነበር።